በጂግለር የተከሰሰችው ዶሮ

ሰበታ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ መፍቻም ካቻቪቴም አልሰጠኝም። የሰጠኝ አንድ የፈረስ ጭራ ፀጉር ነው። እናቴ "ልጄ መካኒክ ሆነ" ብላ ለሰፈሩ ስታወራ፣ መካኒኩ ፀጉር ይዤ ቆሜአለሁ።

አለቃዬ ሲኞር ፒኖ ከጣልያን ጊዜ የቀረ ሽማግሌ ነበር። አማርኛው እንደ ብርድ ጠዋት ሞተር ደጋግሞ ካልተመታ አይነሳም። ከአንድ ካርቡራቶር ሆድ ውስጥ ትንሽ የነሐስ ብሎን ፈትቶ አሳየኝ። ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ መሃሏ ላይ ለዓይን የሚያስቸግር ቀዳዳ አላት።

"ወንድሙ፣ ይኼ ጂግለር። ቤንዚን በዚህ ያልፋል። ቆሻሻ ገባ፣ ሞተር ሞተ። አንተ ሽቦ አስገባህ፣ ቀዳዳ ሰፋ፣ አንተ ሞትክ። ፀጉር ብቻ!"

እናንተ የዛሬዎቹ በኮምፕሬሰር ንፋስ እፍ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። እኛ ጊዜ ፀጉር ነበር።

ጋራዥ ከገባሁ ብዙም ሳልቆይ፣ በሁዳዴ ጾም፣ እሑድ ረፋድ ላይ ቁስል አጣቢው ድሬሰር አቶ ግርማ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ቤቴ መጣ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"ወንድሙ፣ ድረስልኝ። ይነሳና ወዲያው ይጠፋል።"

"ዛሬ ሰንበት ነው፣ ጋራዡም ዝግ ነው።"

"ኦቦ ደበላ ከተፍኪ ማዶ ተኝቷል። እግሩ መግሏል። ዛሬ ካላጠብኩለት የሚቀረው መቁረጥ ነው። እሱ ቤት ድረስ አውቶቡስ አይገባ፣ በእግሬ ብሄድ ይመሽብኛል።"

"ለእኔ ይኼ ቀላል ነው" አልኩ። ይህን ባልኩ ቁጥር ነገር እንደሚበላሽ ያኔ ገና አላወቅኩም።

የምኖረው አዴ ጫልቱ ግቢ ተከራይቼ ነው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋሁ፣ ቱቦውን ነቀልኩ፣ ካርቡራቶሩን አወረድኩ። ሰፌድ ላይ ዕቃውን በአወጣጡ ተራ ደረደርኩ። በጣሳ ቤንዚን አንድ በአንድ አጠብኩ። ጂግለሯን ወደ ፀሐይ ባነሳት ቀዳዳዋ ድፍን ብሏል።

ፀጉር ፈለግሁ። አለቃዬ የሰጠኝ ፀጉር ጋራዥ ውስጥ ተቆልፎበታል። የእኔ ራስ ደግሞ ያኔም እንደ ዛሬው ለማንም የሚተርፍ አልነበረም። በአዴ ጫልቱ በር ላይ ግን የሟች ባላቸው ከፈረስ ፀጉር የተሠራ የዝንብ ማባረሪያ ጭራ ተሰቅሏል። እሱን ማንም አይነካም። እኔም አልነቀልኩበትም፤ አንዷን ፀጉር ብቻ በጂግለሯ ቀዳዳ አሳልፌ ወዲያ ወዲህ ሳብኳት። ቆሻሻው ወጣ። እንዳትወድቅብኝ ደግሞ የፀጉሩን ጫፍ ደጋግሜ ቋጠርኩ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ።

በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ውጭ የአዴ ጫልቱ ድምፅ ተሰማ፤ ከጎረቤት ጋር "አካም ቡልተኒ" እየተባባሉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ጭራውን በድንጋጤ ቦታው ሰቀልኩና ሄጄ የግቢውን በር ከፈትኩላቸው፤ ነጠላቸውንም ተቀበልኩ። ስመለስ ቀይዋ ዶሮ ሰፌዱ ላይ ቆማ አንገቷን ዘርግታ አንድ ነገር ዋጥ አደረገች።

ሰፌዱን አየሁ። ጂግለሯ የለችም።

"ዋጠችው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ማንን?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ጂግለሩን! በዓይኔ በብረቱ አየኋት!"

አቶ ግርማን ለመንኩት፦ "እርስዎ ሐኪም ነዎት፤ ሆዷን ከፍተው ያውጡልኝና መልሰው ይስፉት።"

"እኔ የተማርኩት ለሰው ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጎልማሶች የዶሮ ኋላ ኋላዋን እያየን ግቢውን ዞርን። እሷ ስትቆም እንቆማለን፣ ስትጎነበስ እንጎነበሳለን። በአጥሩ ቀዳዳ የሚያዩን ሴቶች ተንፈራፍረው ይስቃሉ። ዶሮዋ ግን ለእኛ ስትል ምንም አልጣለችም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች።

"እንግዲህ ትታረድ" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ያ ዋቃ! በሁዳዴ ደም? ለዚያውም በሰንበት? ሉኩ ኮ! እንቁላል ጣይ ዶሮዬን!" አዴ ጫልቱ ደረታቸውን ደቁ። ከዚያ ወደ አቶ ግርማ ዞሩ። "እግሩ የተጎዳው የትኛው ደበላ ነው?"

"ከወንዙ ማዶ ያለው፣ ልጆቹ ገና ያልደረሱለት።"

አዴ ጫልቱም ዶሮዋን ራሳቸው ይዘው አምጥተው ሰጡኝ። "የሰው እግር ነው። እረድ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አረድኳት። አቶ ግርማ በቁስል መቆንጠጫው የሆዷን ዕቃ እየለየ ሰፌድ ላይ አስቀመጠ። ጠጠር ወጣ። ገብስ ወጣ። አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ። ቁልፉ የእኔ ነበር፤ ጂግለር ግን የለም።

ዝንቡ በደሙ ላይ ተሰበሰበ። አዴ ጫልቱ ጭራቸውን ከበራቸው አውርደው መጡ። ወደ እኔ አንዴ ቢያወናጭፉት አንድ ነገር ግንባሬን ቋ አደረገኝ። ጭራውን አቆሙት። በአንዷ ፀጉር ጫፍ፣ ከቋጠሮዬ በላይ፣ የታጠበች ነሐስ ትወዛወዛለች።

"ወንድሙ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ጂግለር ነው።"

"ዶሮዬ የዋጠችው?"

"አዎ፣ እሱ።"

አቶ ግርማ ሳቁን ለመደበቅ ሞተሩ ሥር ገባ። እኔም ሀፍረቴን ለመደበቅ ሥራ ያዝኩ። ካርቡራቶሩን ገጥሜ ስጨርስ ሞተሩ በአንድ እርግጫ ተነሳ፤ አቶ ግርማም መድኃኒቱን አንግቦ ወደ ተፍኪ በረረ።

ዶሮዋን ከግቢው የሚበላት ጠፋ። ለሲኞር ፒኖ ወሰድኩለት። "ሐኪም ሥጋ አዞልኛል" ብሎ አጥንቷን ሳይቀር ጋጠ። በማግስቱ "ጂግለር በምን አጸዳህ?" ሲል ጠየቀኝ።

"በፀጉር።"

"ብራቮ! ሽቦ የለም!" ወሬውን በሙሉ የሰማው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ወንድሙ፣ መጀመሪያ ዶሮ እሰር" ይለኝ ጀመር።

ኦቦ ደበላ ከፋሲካ በኋላ በሁለት እግሩ እያነከሰ ሰበታ መጣና ለአዴ ጫልቱ አንዲት ቀይ ቄብ ሰጣቸው። እሳቸውም ተቀብለው መርቀውት፣ እኔ በእጄ ካቻቪቴ መያዜን ሲያዩ ቄቧን ይዘው ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሞተር እንደፈታሁ እኔም አላውቅም። ሥራው ያስተማረኝ ይኼን ነው፦ ዕቃ ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ ከእጃችሁ ያስቀመጣችሁትን መሣሪያ እዩ። ዶሮዋን ከዚያ በኋላ ትጠይቋታላችሁ።