ጨፍና የምትሄድበት
ደብረ ማርቆስ ላይ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ እየተነጠፈ ነው። ከአንጣፊዎቹ አንዷን አዲሱ ፎርማን አንተነህ ስሟን ገና ባይዘውም በአመሏ ለይቷታል። ጉልበቷ ላይ የጆንያ ቁራጭ አስራ ድንጋዩን ትደረድራለች። በውሃ ልክ ከለካችም በኋላ አታምነውም፤ ጫማዋን ታወልቅና ዓይኗን ጨፍና ትራመድበታለች። እግሯን ቅር ያለውን ድንጋይ ነቅላ እንደገና ትተክለዋለች።

«ውሃ ልኩ ትክክል ነው ካለሽ፣ ምን አለፋሽ?» አላት ዛሬ።

«ውሃ ልክ አይደናቀፍማ፣ ጋሼ» አለችው ቀና ሳትል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራው ሲያበቃ፣ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት ትከሻዋን ይዘው አብረዋት ሲሄዱ አየ። አዲሱ ንጣፍ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ቆም ብለው በእግራቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን ከትከሻዋ አነሡና ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀድመዋት ሄዱ።