«ብርድ ነው» ያልኩት እብጠት

በግራ ጡቴ ጎን ሽምብራ የምታህል ነገር ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። አታምም። «ብርድ ነው» አልኩ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፤ ሰበብ አላጣሁም።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ክሮሞዞምና ክሮማቲድ የተምታታበት ተማሪ ከእኔ ማርክ አያገኝም። ሴል ሊከፈል ሲል እያንዳንዱ ክሮሞዞም ራሱን ይቀዳል። ሁለቱ ቅጂዎች ወገባቸው ላይ እንደተያያዙ እያንዳንዳቸው ክሮማቲድ ይባላሉ፤ አንድ ላይ ግን ያው አንድ ክሮሞዞም ናቸው። ሲላቀቁ ነው እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ክሮሞዞም የሚሆነው። «ነገሩን በስሙ ጥሩት» እያልኩ ስንቱን ልጅ አስለቅሻለሁ። የራሴን እብጠት ግን ሰባት ወር ሙሉ ብርድ እያልኩ ቅባት ስቀባው ከረምኩ።

ታናሽ እህቴ ጽጌ ከመካኒሳ መጥታ ስታቅፈኝ እጇ ነካው።

«እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

በማግስቱ ክንዴን ይዛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አቆመችኝ። ሆስፒታል ከእብጠቱ ቅንጣት ተወስዶ ባዮፕሲ ተሠራ። ካንሰር ነበር። ብብቴ ደርሷል። ጡቴን ቆረጡት።

ከዚያ ፓክሊታክስል የሚባል የካንሰር መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ክሮሞዞሞቹ እንዳይላቀቁ ይይዛቸዋል፤ ሴሉ መከፈል ሲያቅተው ይሞታል» ብሎ አስረዳኝ።

«ክሮማቲዶቹ» ብዬ አረምኩት። «የሚላቀቁት ክሮማቲዶቹ ናቸው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቲቸር፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ሰባት ወር ምን ሲጠብቁ ነበር?»

አፈርኩ።

ፀጉሬ ረገፈ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ጎረቤቴ «እግዜር ያመጣው ነው» ስትለኝ ተናደድኩ፤ ያቆየሁት እኔ ነኝና።

ሕክምናውን ጨርሼ ወደ ክፍል ስመለስ ጣቶቼ ገና ስላልታዘዙልኝ ጠመኔውን በመዳፌ ጨብጬ ያንኑ የክሮሞዞም ሥዕል ጠማማ አድርጌ ሳልኩት፤ አንዷ ተማሪ ክሮማቲዱን ክሮሞዞም ስትለው አረምኳት እንጂ እንደ ድሮው ማርክ አልቀነስኩባትም። ምርመራዬ እስካሁን ደህና ነው። ምሬቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ልብሴን ስቀይር ይነሳብኛል።

ጽጌን ስለ እጇ፣ ሐኪሙን ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ። እብጠት ያገኛችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ስም አታውጡለት፤ ስሙን ባዮፕሲው ይንገራችሁ፤ እናንተ ነገ ጠዋት ሂዱ። እኔ ስም ሳወጣለት፣ ሴሎቹ ይከፈሉ ነበር።