የተገለበጠው እጅጌ

መርፌ ይሏታል፤ ቅጥነቷም ሥራዋም ይመሰክራል። እናቷ ያወጣችላት ስም ትዝ የሚላት ፎርም ስትሞላ ብቻ ነው። በአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት፣ በሩ አጠገብ ካለችው አሮጌ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ስልኳንም ከክር ካርቶኑ አስደግፋ ትቀርጻለች። ዚፕ እንዴት እንደሚቀየር፣ ኮሌታ እንዴት እንደሚገጠም በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ታሳያለች። የሚያያት ግን ከአርባ ሰው አይበልጥም፤ ግማሾቹም ይሉኝታ የያዛቸው ዘመዶቿ ናቸው።

አክስቷ ነገሩን አልወደዱትም። ሠላሳ ዓመት የሰፉ ሴት ናቸው፤ ሌላ ልብስ ሰፊ ሱቃቸው ከገባ፣ አቆራረጣቸውን እንዳያይባቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው ጨርቅ የሚቆርጡት።

«ሙያ በልብ ነው ልጄ» አሏት። «እስከ ቅዳሜ ምረጪ። ወይ ስልኩን፣ ወይ መኪናዋን።»

መርፌ ሁለቱንም ትወዳለች። አንዱን ጣይ መባሏ አንገበገባት።

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻዬ ነው ብላ መቅረጽ ጀመረች። ልቧ የት እንደሄደ እንጃ፣ የሸሚዙን እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። በራሷ ሳቀችና ስፌቱን በመቀስ ጫፍ መተርተር ያዘች። ጨርቁ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም።

አክስቷ ከኋላዋ ቆመው ነበር፤ ጨርቅ ሲበላሽ ማየት ደግሞ አይችሉም።

«ተይ፣ እንዲያ አይደለም። እዚህ ቁረጪ፣ ትንሽ እለፊ፣ እዚህ ቁረጪ። አሁን ከጀርባ ያለውን ክር ሳቢው።»

ክሩ ሳይበጠስ ሙሉውን ተመዞ ወጣ። ስልኩ ላይ የሚታዩት በስፌት ብዛት የጠነከሩት የአክስቷ እጆች ብቻ ነበሩ።

«አክስቴ፣ ቀርጾታል። ላጥፋው?»

«እጅ ነው፤ ማን ያውቀዋል» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። መርፌም ማታውን ቪዲዮውን ለቀቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ አላርፍ አለ። ዘጠና ሺህ ሰው አይቶታል። መርፌ አንዱን መልእክት ጮክ ብላ አነበበች፦ «አንድ እጅጌ አበላሽቼ ከተሰደብኩ ወዲህ የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሻት ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ገለጥኳት።»

አክስቷ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔን ያሳየኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «ያችን የክር ዘዴ እስካውቃት ስንቱን ጨርቅ አበላሽቻለሁ።»

ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበው፣ አዲሱን ሻሽ አስረዋል። ስለ ምርጫው ያነሳ የለም። መርፌ ወንበር ሳበችላቸው።

«በይ፣ ስልኩን አቁሚው» አሉ አክስቷ። «ዛሬ ኪስ ነው የምናሳያቸው። ፊቴም ይግባ።»