ለእንግዳ የተቆለፈው ሽንት ቤት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ሕመሙ አይደለም፤ እሱ መድኃኒት በጀመርኩ በሳምንቱ ለቆኛል። ያልለቀቀኝ በገዛ ምላሴ የሠራሁት ሥራ ነው።

ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ሁለት ሽንት ቤት አለው። አንደኛው ከግቢው ጀርባ ነው፤ በሩ ከተገነጠለ ቆይቷል። ሁለተኛው ሴራሚክ የለበሰ፣ ውሃና መስታወት ያለው ነው። ይሄኛው ከበላይ አካል ለሚመጣ እንግዳ ስለተዘጋጀ ሁልጊዜ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው የኃላፊው ጸሐፊ ጋ ነው። ስንጠይቃት "እንግዳ ቢመጣስ?" ትለናለች። እኔ ከተቀጠርኩ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንግዳ የመጣው ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንዱ ሽንት ቤት አልጠየቀም።

እኛ ሴቶቹ እንግዲህ ዘዴ ዘየድን። ጠዋት ሻይ አንጠጣም፣ ውሃ አንነካም፣ የመጣብንን ደግሞ ቤታችን እስክንገባ እንይዛለን። ዝናብ በማይጠፋበት አገር በውሃ ጥም መዋል ለመድን።

አንድ ቀን ግን መያዝ አቃተኝ። ስብሰባ ላይ ነበርን፤ አጀንዳው ለሠራተኛው ምቹ የሥራ አካባቢ ስለመፍጠር ነበር። ሮጬ ወጣሁና ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ምሳ ቤት ያላቸው እትዬ አስካለች ዘንድ ገባሁ። ሁላችንም ምሳ የምንበላው እሳቸው ጋ ነው፤ ጓሯቸውን መጠየቅ ግን እናፍር ነበር። ምንም ሳይጠይቁኝ ወደ ጓሮ አመለከቱኝ።

በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ስቀመጥ ግን ጠብታ ነው። ቢሮው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ብርድ ነው" አለ፤ ሌላዋ "ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ይሆናል" አለች። እኔ ግን አላመነታሁም። "የእትዬ አስካለች ሽንት ቤት ነው ያስያዘኝ!" አልኩ።

ወሬው እኔ ወንበሬ ላይ ሳልመለስ መዝገብ ቤት ደረሰ። በማግስቱ ከሽንት ቤቱ ወደ ወጥ ቤቱ ተዛመተ፣ ከወጥ ቤቱ ወደ ቆጮው። በሳምንቱ ከእኛ መሥሪያ ቤት እዚያ የሚበላ ሰው ጠፋ። እትዬ አስካለች በራቸው ላይ ቆመው ሰላም ይሉናል፤ እኛ ዣንጥላችንን ዝቅ አድርገን እናልፋለን።

ሕመሙ ሲብስብኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ጋሽ ወንድሙ የሚባሉ አንጋፋ ጤና መኮንን የሽንት ምርመራውን ውጤት አይተው "የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው" አሉኝ።

"አውቄያለሁ ጋሼ፤ የሰው ሽንት ቤት ገብቼ ነው።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "የሰው ስም አታጥፊ። ይሄ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከራስ አንጀት ነው። እዚያ ሲኖር ምንም አይልም፤ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲሻገር ነው የሚያስቸግረው። ለመሆኑ ውሃ ትጠጫለሽ?"

"ቢሮ እያለሁ አልጠጣም።"

"ሽንትሽንስ ትይዣለሽ?"

"ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።"

"በይ እንግዲህ! ውሃ ጠጥተሽ በጊዜው ብትሸኚ ብዙው ታጥቦ ይወጣ ነበር። አንቺ አስቀምጠሽ አራባሽው። ደግሞ ስትጠራረጊ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን" አሉና መድኃኒት ጻፉልኝ።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ጥፋቱ የራሴ አንጀት መሆኑን ለሁሉም ተናገርኩ። የፊተኛው ወሬዬ ሕንጻውን በአንድ ጠዋት ዞሮት ነበር፤ ይሄኛው ግን ከጠረጴዛዬ አላለፈም።

ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን መንገድ ተሻገርኩ። ምሳ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለች የሚሸጡለት አጥተው የቀዘቀዘ ድስት አጠገብ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንባዬም መጣ።

"ያልሽው ሁሉ ደርሶኛል" አሉኝ። "ያን ቀን እየሮጥሽ ስትገቢ፣ ይቺን ልጅ ምን አገኛት ብዬ አዝኜልሽ ነበር።" ተነሥተው አንድ ጆግ ውሃ ፊቴ አስቀመጡ። "መጀመሪያ ይሄን ጠጪ። በሩ እንደሆነ አይቆለፍም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ቢሮው እያየኝ እዚያ በላሁ። ሳልታመም ሲያዩኝ አንድ በአንድ ተመለሱ።

የእንግዳውን ሽንት ቤት ለሴቶች እንክፈት ብዬ ሐሳብ አቅርቤም ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ቁልፉ እንዲቀየር ወሰነ። ባለፈው ወር እንግዳ ሲመጣ ጸሐፊዋ አዲሱን ቁልፍ ይዛ ዓመት ፈቃድ ላይ ነበረች። የበላይ አካሉን መንገድ አሻግሬ እትዬ አስካለች ጓሮ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። እትዬም ምንም ሳይጠይቁ በእጃቸው አመለከቷቸው።

እሳቸው ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን ዛሬም በደጃቸው ሳልፍ ዣንጥላዬን እዘጋለሁ፤ ዝናቡ ቢመታኝም ፊቴን ይዩት።