የልጄ ነጥቦች

ያን ክረምት ሳስበው ሁሉም ነገር በጭጋግ ውስጥ ሆኖ ነው የሚታየኝ። አሶሳ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የማንጎው ቅጠል ሲንጠባጠብ ይውላል፤ እኔም እንቅልፍ ሳይለቀኝ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ግራፍ እሠራለሁ። ጠመኔው ሽቅብ ሲወጣ ልቤ አብሮት ይወጣል፤ ቁልቁል ሲወርድም አብሮት ይወርዳል። ተማሪዎቹ ስለ ዝናብ መጠን የምናወራ ይመስላቸዋል። እኔ የማስበው ልጄን ነበር።

ልጄ ያለ ቀኗ ነው የተወለደችው። በየወሩ ጤና ኬላ ትመዘንና ክብደቷ ካርዷ ላይ በነጥብ ይቀመጣል፤ ነጥቦቹም በመስመር ይያያዛሉ። ካርዱ ላይ ሌላም መስመር ታትሟል፤ በእሷ ዕድሜ ካሉ ልጆች ግማሹ ከበላዩ፣ ግማሹ ከበታቹ የሚሆኑበት መካከለኛ መስመር። የልጄ ነጥቦች አንድም ጊዜ አልደረሱበትም። ይባስ ብሎ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እኩል ሆኑና መስመሯ ጋደም አለ። ጤና ባለሙያዋ «በሚቀጥለውም ካልጨመረች ሆስፒታል እንልካታለን» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እህል አልዋጥልሽ አለኝ። ዓይኔን ስጨፍን እነዚያ ነጥቦች ጨለማው ውስጥ ሲንሳፈፉ ይታዩኛል።

የሚቀጥለው ምዘና ከፈተና ቀን ጋር ገጠመብኝ። ጎረቤቴ ይዘዋት ሄዱ። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናቸው፤ እኔ ሳስተምር ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ከሥራ ስመለስ ካርዱን ገልጬ አየሁ። አዲሱ ነጥብ ሽቅብ ዘሏል፤ መካከለኛውን መስመር ሊነካ ምንም አልቀረው! ልጄን አቅፌ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ በካፊያው ግቢውን ስዞር እግሬ መሬት የነካም አይመስለኝ።

ላጥባት ቀሚሷን ሳወልቅ ግን ወገቧ ላይ ወፍራም ዶቃ ተጠምጥሟል፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የጎረቤቴ የድሮ አልቦ፣ ደረቷ ላይ ደግሞ በቆዳ የተሰፋ ክታብ። ክው አልኩ።

«እማማ፣ ሲመዝኗት ይሄ ሁሉ ነበረባት?»

«አዎ» አሉኝ ፈርጠም ብለው። «እዚያ ሴት ብዙ ነው። ልጅ ሚዛን ላይ ይሰቀላል፣ ሁሉ ያያል። ዓይን መጥፎ ነው። ያንቺ ልጅ ባዶውን ይሰቀላል እንዴ?»

ያሰሩላት በፍቅር ነው። ከሌሎቹ ተነጥሎ የዘለለን ነጥብ ጠርጥሩ እያልኩ ተማሪ የማስጨንቀው እኔ፣ የራሴ ልጅ ነጥብ ሲዘል ጎረቤት እስኪሰማ እልል ብያለሁ። ሳቄም መጣ፣ ፍርሃቴም መጣ። ዶቃውና አልቦው ሲነሱ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሦስታችን ጤና ኬላ ሄድን። ሁሉም ሲፈታላት ጎረቤቴ ሻሻቸውን ዘርግተው ልጄን ከሰው ዓይን ከለሉ። ልጄ ሚዛኑ ላይ ተንጠልጥላ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ የሚዛኑ ቀስት ትወዛወዛለች። የዝናቡ ድምፅ ራሱ የራቀኝ መሰለኝ።

«ቲቸር፣ ጨምራለች» አለች ጤና ባለሙያዋ። «ትንሽ ናት፤ ግን ጨምራለች።»

የትናንቱ ነጥብ በእስክሪብቶ ስለነበር በላዩ ኤክስ አደረገችበትና ከሥሩ አዲሱን አስቀመጠች። ጋደም ብላ የነበረችው መስመር ቀና አለች። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

ዞር ስል ተራ የሚጠብቁትን እናቶች አየሁ፤ ሁሉም ካርዳቸውን ከዝናብ በብብታቸው ደብቀዋል። ግማሹ ልጅ ከመካከለኛው መስመር በታች እንደሚሆን ለዓመታት አስተምሬያለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ያ ግማሽ የሌላ ሰው ልጅ ይመስለኝ ነበር።