ከሟች ስልክ የተላከ

ኖርዌይ ያለው ጓደኛችን ወዳጅነት የሚጠብቀው ምክር በመላክ ነበር። ከዚያ አገር ጫፍ፣ በረዶ ከወረሳት ትንሽ ከተማ ሆኖ «ውሃ በብዛት ጠጡ» ይለናል። እኛ ደብረ ማርቆስ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄድ ራሱን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ደምበጫ ያለው ጓደኛችን ደግሞ ከጋሪ ፈረሱ ጎን ቆሞ ይነሣና «የእኔ ብስክሌት ገብስ ትበላለች» ብሎ ይመልስለታል።

ሦስታችን ከየገጠራችን መጥተን ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ተከራይተን የተማርን ነን። በገበያ ቀን ከየቤታችን ስንቅ ይመጣልናል፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላውን እንበላለን። በኋላ አንዱ ደምበጫ ተመልሶ እህል ነጋዴ ሆነ፣ አንዱ ባሕር ተሻገረ፣ እኔ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ።

አባቴ ያረፉ ጊዜ የደምበጫው ሱቁን ዘግቶ መጣና ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። የኖርዌዩ የላከልኝ የተጣመሩ ሁለት እጆች ሥዕል ነው። በቃ፣ ሁለት እጅ። ያውም ቢጫ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሩን ዘጋሁበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬውን የምሰማው በደምበጫው በኩል ብቻ ነበር።

«ሰላም ብሎሃል» ይለኛል።

«አልቀበልም።»

«እንግዲያው እኔ ወስጄዋለሁ።»

ይህ በመካከላችን የቆመ ደግ ሰው ባለፈው ጥቅምት በሦስት ቀን ሕመም ሞተ።

ከቀብር መልስ አጎቱ ዘንድ ተቀምጠን «ኖርዌይ ላለው ደውዬ ልንገረው?» አልኩ። ሽማግሌው ተቆጡ።

«በስልክ መርዶ? ሲወድቅ ማን ሊይዘው ነው? እግዜር ይይላችሁ! ሰው ፈልጋችሁ፣ በአካል ሄዶ፣ ጎህ ሲቀድ ይንገረው እንጂ!»

ሰው ፈለግን። በዚያ ሁሉ አገር የተገኘልን በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር የአካባቢያችን፣ የይጁቤ ሰው ነው። እሱም ለፈረንጅ ገና ሥራው እስኪዘጋ ድረስ መንቀሳቀስ አይችልም። እስከዚያ ወሬው እንዳያመልጥ ሁላችንም አፋችንን ያዝን። ብዙም ሳይቆይ የሟቹ ሚስት የባሏን ስልክ ይዛ ቤቴ መጣች፤ ዓይኗ ገና እንዳበጠ ነው።

«ይኸው ይጽፋል። ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ስጪኝ፤ እኔ እመልስለታለሁ» አልኩ።

እንዲህ አድርጌ የሞተ ሰው ሆኜ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀለለኝ፤ ምን ልደብቅ፣ ሳቅሁበትም። ሲደውል አላነሳም፤ «ኔትወርክ የለም» ብዬ እጽፍለታለሁ። ኔትወርክን ያህል ታማኝ ውሸት አገራችን ገና አልወለደችም። «ፈረንጅ ሆኗል፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል» እያልኩ የሚጽፈውን ለሚስቴ አነብላት ነበር።

ከዚያ ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። አንድ ቀን «ለመሆኑ እዚያ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ብቻዬን» አለ። «መስኮቱ ጋ ቆሜ።»

አብረን ስንኖር ብቻውን መብላት የማይችለው እሱ ነበር። ረሃብ እየሞረሞረው እንኳ ሁለታችን እስክንመጣ እጁን አይሰድም። ይህን ሳስታውስ የኔም እራት አልወርድ አለኝ። በማግስቱ ስለ ሥራው ጠየቅሁት፤ ቀጥዬም ስለ ወገቡ ሕመም። አንድ ጊዜ እሱም በተራው «ያኛውስ እንዴት ነው?» ብሎ ጻፈ። ያኛው እኔ ነኝ። «ደህና ነው። ቂመኛ ነው እንጂ ይወድሃል» ብዬ መለስኩ። በራሴ ስም ቢሆን ጣቴ ይህን አይጽፍም ነበር።

የፈረንጅ ገና ደረሰና የይጁቤው ሰው ሌሎች ሁለት አበሾች አስከትሎ ሄደ። በዚያው ቀን ደወለልኝ፤ ተቆጥቷል።

«ምን ያለ ሥራ ነው የሰጣችሁኝ? ልንጠይቅህ እንመጣለን ብቻ ነው ያልነው፤ ሰውየው በሩን ከፍቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንበር ደርድሮ ነው የጠበቀን። ያጽናናን እሱ ነው!»

ከእሱ ጋር ገና እያወራሁ በሟቹ ስልክ መልእክት ገባ።

«አንተ መምህር፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቄያለሁ። እሱ በሦስት ቀኑ ነበር የሚመልስልኝ፤ አንተ በሦስት ደቂቃ። ስልኩ አንተ እጅ ከገባ እሱ የለም ማለት ነው። ዝም ያልኩት፣ ስልኩን ለሚስቱ የመለስክ ቀን ዳግመኛ እንደማታናግረኝ ስለገባኝ ነው። ሁለታችሁን ባንድ ጊዜ መቅበር አልቻልኩም። የአባትህንም ነገር ይቅር በለኝ። ልደውል ስል የምለው ጠፍቶኝ ነበር።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አፈርኩም። ሁለት ወር ሙሉ አሞኘሁት ስል፣ እሱ ሐዘኑን ይዞ ለቀልዴ ሲስቅልኝ ኖሯል። ሲወድቅ ማን ይይዘዋል ብለን የተጨነቅንለት ሰው ከወደቀ ቆይቷል፤ የያዘውም የለም።

ስልኩን ለሟቹ ሚስት መለስኩ። ከራሴ ስልክ ለመጻፍ ግን መጀመሪያ የዘጋሁትን ቁጥር መክፈት ነበረብኝ። መዝጋቱን በቁጣ ባንድ ጊዜ ነበር የቻልኩት፤ መክፈቱ ጠፍቶኝ ግማሽ ቀን ስደናበር ዋልኩ። በመጨረሻ «እኔ ነኝ። ስለ እሱ እናውራ» ብዬ ላክሁ።

ማንበቡ ወዲያው ታየኝ። ያን ቀን አልመለሰም። በማግስቱም አልመለሰም። ተማሪዎቼን እያስተማርኩ እንኳ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣና ስከት ዋልኩ።

መልሱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እንደ ደምበጫው። ሆን ብሎ ነው፤ አውቀዋለሁ።