ጥርሴን ያልነቀለው ሐኪም

«አልነቅልም አልኩ ሐጂ! በምን ልንቀለው? በጥፍሬ?»

«በክር ነዋ! እኛ ሰኞ ገበያ ሰፈር ስናድግ የጥርስ ሐኪም ነበረን እንዴ? ጠበቅ አርገህ ታስርና አንዴ መንጨቅ ነው። ወላሂ፣ ሳያውቀው ነው እሚወጣ!»

«እሱ የልጅ ጥርስ ነው። ይሄ ሁለት ሥር ያለው መንጋጋ ነው። ቢሰበርብኝስ? መግሉ ወደ አንገቱ ቢወርድስ?»

«ታዲያ ዝም ብለን እንየው?»

«ዝም አላልኩም። አልነቅልም ነው ያልኩት።»

ዶክተሩና ሐጂ የሚከራከሩት ስለ እኔ ጥርስ ነበር። እኔ ግን በክርክሩ ውስጥ የለሁበትም፤ አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት ካለ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ግራ ጉንጬን በሐጂ እርጥብ ሻሽ ደግፌ ተራ በተራ አያቸዋለሁ። የታሰርንበት ቤት ኮምቦልቻ ውስጥ ነው። ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ስለነበረ ግድግዳውን የተደገፈ ሁሉ ጀርባው አመድ ይመስላል። አስራ አራት ሰዎች ነበርን። ከጣሪያው ሥር ባለች አንዲት ቀዳዳ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ይገባል፤ ዶክተሩ እኔን የሚያየኝ በዚያች ብርሃን ነው።

ወደዚያ የገባሁት በስምንት መስመር ግጥም ነው። ስለ ተዘጋ መንገድ ጽፌ በስልኬ ለቀቅኳት። መርማሪው ጮክ ብሎ አነበበልኝና «መንገድ ያልከው ማንን ነው?» አለኝ።

«መንገዱን።»

ከጎኔ የቆመው ሰው በጥፊ መታኝ። ድሮውንም የተቦረቦረው የታች መንጋጋዬ ስንጥቅ ሲል ተሰማኝ። ግጥሜን እንዲያ በጥሞና ያነበበ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበር።

ዶክተሩ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነው። ወደ አርባ ይጠጋዋል፤ ቀጭን ነው፤ ሲያስብ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያሻል። የያዙት ደጋን ኬላ ላይ ነው። ቦርሳው ውስጥ የመንጋጋ ፎቶዎችና በቁጥር የተሞላ ደብተር አገኙበት። ጥናቱ ነበር። በአደጋም ይሁን በጥይት መንጋጋቸው ለተሰበረ ሰዎች ከዳሌያቸው አጥንት ወስዶ ይተካላቸዋል፤ በተተካው አጥንት ላይ ደግሞ ከብረት የተሠራ ሥር ይተክልና ጥርስ ያስርበታል። አዲሱ አጥንት ብረቱን ይዞ ይቆያል ወይስ ይለቀዋል? የሚያጠናው ይህን ነው።

«ከዳሌው?» ብለው ነበር ሐጂ መጀመሪያ ሲሰሙ። «ታዲያ ሲቀመጥ ነው እሚያኝከው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥርሴ ግን አስከፈለኝ።

ደብተሩ ላይ የሰው ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ለበሽተኞቹ ስማችሁ አይወጣም ብሎ ቃል ገብቷል፤ የጥናት ደንቡ ነው። መርማሪው ግን ቁጥሮቹን የሆነ ቡድን አባላት አድርጎ አያቸው። ከየቁጥሩ አጠገብ የጠረጠራቸውን ሰዎች ስም አስጽፎ «ፈርምና ውጣ» አለው። ዶክተሩ አልፈረመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ላይ አልፈረመም። ቀበቶውንና ሰዓቱን ሲረከቡት እንኳ ደረሰኙን ሳይፈርም መለሰላቸው። «ፊርማዬ እጃቸው የለም። አንዴ ካገኙት የፈለጉት ወረቀት ሥር ያስቀምጡታል» ይለን ነበር።

ከሐጂ ጋር በተከራከረበት ጠዋት አጠገቤ ተንበረከከ። እንደ ልማዱ «ልየው?» አለኝ። ተነስ፣ ቁጭ በል፣ እጅህን ወደ ኋላ በሚባልበት ቤት የሚያስፈቅደኝ እሱ ብቻ ነበር። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ።

«ምላስህን ወደ ላይ አንሳ። ምራቅህን ዋጥ አድርግ።»

መዋጥ አልቻልኩም፤ ምራቄ በአገጬ ወረደ። ከአገጬ ሥር በሁለት ጣቱ ዳሰሰኝ። እኔ ገጣሚ ነኝ፣ የሰው ፊት ማየት ሥራዬ ነው፤ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልወደድኩትም። ወደ ሐጂ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግን ሰማሁት።

«ጥርሱ አይደለም አሁን የሚያሰጋኝ። እብጠቱ ከምላሱ ሥር ገብቷል። ዛሬ ካልተቀደደለት ትንፋሹን ይዘጋዋል።»

ሐጂ ክራቸውን ጣሉት። እጄን ይዘው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ።

ከዶክተሩ ጋር ሆነው በሩን ደበደቡት። ቤቱን የሚጠብቀው ዋርድያ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር።

«ለጥርስ ነው እንዲህ እምታንኳኩት? እኔም እኮ ጥርሴን ያመኛል።»

«ያንተን በኋላ አይልሃለሁ» አለ ዶክተሩ። «እሱ ግን ዛሬ ሆስፒታል ካልገባ ይሞታል።»

«ያለ ወረቀት እንዴት አድርጌ? አለቃዬ ቢጠይቀኝስ? ኬላ ላይ ቢጠይቁኝስ? ሐኪም የጻፈው ሪፈር፣ ከነፊርማው፣ ከነማኅተሙ አምጣልኝና አሁኑኑ መኪና አስነሳለሁ።»

«ሐኪሙ እኔ ነኝ።»

«አንተማ እስረኛ ነህ።»

«ሁለቱንም ነኝ።»

ዋርድያው የደረት ኪሱን ከፈተና እስክሪብቶ በበሩ መስኮት አቀበለው። ሐጂ የብስኩት ካርቶናቸውን ቀደው፣ ብስኩቱን በሻርፓቸው ላይ ዘርግፈው፣ ነጩን ጎን አወጡለት። ዶክተሩ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ሕመሙን፣ ምን መደረግ እንዳለበት። አልቸኮለም። መስመሮቹ የተሰመረ ወረቀት ላይ ያሉ ያህል ቀጥ ያሉ ነበሩ።

ዋርድያው ተቀብሎ አየና መለሰው። «ያልተፈረመበትን ምን ላድርገው?»

ፊርማው ለዶክተሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔ ልፈርም!» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ሐኪም ነዎት?» አለ ዋርድያው።

«ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ የፈረምኩትን ፊርማ ባንክ ተቀብሎኛል፤ ሆስፒታል ይበልጣል?»

ማንም አልሳቀም። እኔ ዶክተሩን በእጄ፣ ተወው፣ አልኩት። ከልቤ ነበር አልልም፤ መኖር እፈልግ ነበር። እጄን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት፤ ዐይኔ ምን እንዳለው አላውቅም። እሱ አላየኝም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸ። ከዚያ ሙሉ ስሙን ጻፈ፣ ማዕረጉን ጻፈ፣ ፈረመ። ፊርማው ረጅም ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል።

«ማኅተሙስ?» አለ ዋርድያው።

ዶክተሩ ከፊርማው አጠገብ ክብ ሠራ፤ በክቡ ውስጥ «ማኅተም በእጄ የለም» ብሎ ጻፈበት። ዋርድያው ካርቶኑን ራቅ አድርጎ አየው። ክቡ በቦታው አለ።

«ይሁን» አለና ቁልፉን አወጣ።

ደሴ ስንደርስ የተቀበለችኝ ሐኪም ካርቶኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻውን መስመር ድምፅ አውጥታ ነው ያነበበችው፦ «ወጣት ነው። ጥርሱ ሲነቀል ዙሪያውን ያለው አጥንት እንዳይሰበር ጥንቃቄ ይደረግ፤ ወደፊት ጥርስ ሊተከልለት ይችላል።»

ወደ ዋርድያው ቀና አለች። «ይህን የጻፈው ሐኪም የት ነው ያለው?»

ዋርድያው መሬት መሬቱን አየ። «ሥራ ላይ ነው» አላት።

እብጠቱን ቀዳ ጥርሱን ከነቀለችልኝ በኋላ፣ ወደፊት የሚለውን ቃል እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ደጋግሜ አሰብኩት። ስምንት መስመር ጽፎ የታሰረ ሰው ስለ ነገ አያስብም። እሱ ግን በብስኩት ካርቶን ላይ ለነገዬ ቦታ አስጠብቆልኛል።

ባለፈው ክረምት ጥርሱ ተተከለልኝ። የተከለችልኝ ሌላ ሐኪም ናት፤ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ «አጥንትህ እንዴት ደህና ቆየ? የነቀለልህ ሰው ተጠንቅቋል» አለችኝ። ብረቱን ካስገባች በኋላ አራት ወር ጠብቅ፣ አትነካካው፣ አጥንቱ ራሱ ይዞ ያስቀረዋል አለች። ጠበቅኩ። ይዞታል። ዛሬ ቆሎ እቆረጥማለሁ፤ በቆረጠምኩ ቁጥር የማመሰግነው ሰው አለኝ። እሱ ከተፈታ በኋላ ሩቅ አገር ሄዶ ይሠራል ብለው ሐጂ ነግረውኛል። ከቁጥሮቹ ባለቤቶች አንዱም እንዳልተጠራ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ፊርማውን ግን ምን እንዳደረጉበት እስካሁን አላውቅም፤ ሊያደርጉበት የሚችሉትን እያወቀ እንደፈረመ ብቻ ነው የማውቀው።

ዶክተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከሆስፒታል በተመለስኩ ጠዋት ነው። አንገቴ በፋሻ ተጠቅልሎ ስገባ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ። ዶክተሩ አልጮኸም። ከመጠጥ ውሃው ጥቂት አፍስሶ እጁን ታጠበ፤ ብርሃኑ ያለበት ቦታ አስቀመጠኝና አፌን አስከፈተኝ። ይህን ጊዜ ተከፈተ።

ዋርድያው ሌላ ሰው አስከትሎ መጣና በሩን ከፈተ። «ዶክተር፣ ትፈለጋለህ። ዕቃህን ይዘህ።»

ዶክተሩ ቀና አላለም። «በሽተኛ እያየሁ ነው» አለ። «ጠብቀኝ።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ተከትሎት የመጣው ሰው አፉን ሊከፍት ሲል ዋርድያው በክንዱ ያዘው። ሁለቱም የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ጠበቁ።

ዶክተሩ አልቸኮለም። የተነቀለበትን ቦታ አየ፣ ከአገጬ ሥር ዳሰሰ፣ ምራቄን አስዋጠኝ። ሲወርድልኝ ፈገግ አለ።

«ጥሩ ተደርጎ ነው የተነቀለው። ለብ ባለ ውሃ ጨው እያደረግህ ተጉመጥመጥ። በግራ አታኝክ።»

አመሰግናለሁ ልለው አፌን ስከፍት «አታውራ፣ ይደማል» አለኝ። ከዚያ ተነሳ። ጃኬቱን ለበሰ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ የጀርባውን ሲሚንቶ ሐጂ አራገፉለት። ጭንቅላቱን ሳያቀረቅር በሁለቱ ሰዎች መሃል አልፎ ወጣ፤ በሩም ተዘጋ።